«ገጭ!» የሚለው የፊት እግር፦ ደመወዝ እስኪወጣ የሚታገሥ ድምፅና ለነገ የማይታገሥ ድምፅ

ሐረር የሄዱ እንደ ሆነ ከጁገል በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር ዳር ለዐሥር ደቂቃ ያህል ይቁሙ። እንግዳ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ዐይኑ ወደ ገበያው ይሄዳል፤ እርስዎ ግን ዐይንዎን ይተዉትና ጆሮዎን ወደ መንገዱ ያዙሩ።

ባጃጁ እየተንተከተከ ያልፋል። ከኋላው ሰማያዊና ነጭ የተቀባ አሮጌ ፔዦ 404 ታክሲ ይመጣል፤ ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ «ገጭ!» ይልና ዝም ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው የቤት መኪና ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን በትንንሹ ጠጠር ላይ ሁሉ «ቀጭ፥ ቀጭ፥ ቀጭ» እያለ እንደ በረደው ሰው ጥርስ ይንገጫገጫል። ሦስተኛው ሰው ሊጭን ፍሬን ሲይዝ ከሥሩ «ድም!» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል፤ ሲነሣም እንደ ገና «ድም!»። አራተኛው መሪውን ጠምዝዞ ሊዞር ሲል እንደ ክራር ጅማት «ጥን!» ያደርጋል።

አራቱም ከአንድ ቦታ፥ ማለት ከፊት እግር፥ የሚመጡ ድምፆች ናቸው። ሾፌሩም «እግሩ ይጮኻል» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ነገር ግን አራቱም የየራሳቸው ምክንያት፥ የየራሳቸው ዋጋና የየራሳቸው አደጋ አላቸው። አንዱ ደመወዝ እስኪወጣ ይታገሣል፤ ሌላው ለነገ ጧት እንኳ አይታገሥም። ይህን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የመካኒክ ትምህርት ቤት መግባት አያሻውም።

«እኔ መኪና የለኝም፤ ይህ ነገር ምኔ ነው?» ይሉ ይሆናል። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሐረር፥ ወይም ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚኒባስ የሚመላለስ ተማሪ መኪና ባይኖረውም ነፍሱን በዚያ እግር ላይ አሳፍሮ ነው የሚሄደው። ሥራ ከጀመረ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ዕቁቡን አውጥቶ፥ ከቁጠባ ማኅበሩም ተበድሮ፥ ዕድሜዋ ከእርሱ የማያንስ መኪና ይገዛል። መግዛቱ ቀላል ነበር፤ የሚያስጨንቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለመኪናው ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ «ጋሼ፥ እግሩ ይጮኻል» ይላል። ሠራተኛው የመኪናውን አፍንጫ በእጁ ሁለት ጊዜ ይጫንና «ሾኩ ሞቷል» ይለዋል። ሁለት ሾክ አብዞርበር ይገዛል፤ የወር ደመወዙ ይሄዳል። ከጋራዡ ወጥቶ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ሲደርስ «ገጭ!»። ሁለተኛ ይመለሳል፤ «እንግዲያው ሞላው ነው» ይባላል። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ብልህ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶ የጣት ያህል የሆነች ሊንክ ይቀይርለታል፤ ድምፁም ይጠፋል። አስቀድሞ የወጣው ገንዘብ ግን አይመለስም።

በዚህ መካኒኩን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሐኪም ቤት ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ ምን ዓይነት መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል? የት ቦታ እንዳመመው፥ መቼ እንደሚብስበት፥ ምን ሲያደርግ እንደሚተወው መናገር አለበት። ባለመኪናም እንዲሁ ነው።

የፊት እግር እንዴት ቆመ?

በሐረር ስም ያወጣው ፔዦ 404 ለዚህ ነገር ጥሩ መማሪያ ነው። ፋብሪካው ይህን መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ መልኩን የነደፈው የኢጣልያው ፒኒንፋሪና ነበር። በፈረንሳይ አገር የቤት መኪናው ሥራ በ1975 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከእርሱ በፊት የነበረው 403 ከፊት በኩል የተቀመጠው በአግድም በተዘረጋ ባሌስትራ ላይ ነው። 404 ግን ባሌስትራውን ትቶ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ አቆመ፤ በምሰሶው ዙሪያ ሞላው ይጠመጠማል፥ በውስጡም ሾክ አብዞርበሩ ይሠራል። ይህን አሠራር ያሰበው አሜሪካዊው መሐንዲስ ማክፈርሰን ሲሆን፥ በሰፊው የታወቀው በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ በወጡት በእንግሊዞቹ ፎርድ ኮንሱልና ዜፊር ላይ ነው።

ጥንካሬው በአፍሪቃ መንገድ ላይ ተፈትኗል። በ1963 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪቃ የሳፋሪ እሽቅድድም 84 መኪኖች ተነሥተው፥ በጭቃና በድንጋይ ተሸንፈው፥ መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣው 404 ነው። በ1966፥ በ1967 እና በ1968ም ይኸው መኪና አሸነፈ። እንግዲህ በሐረር ዳገትና ቁልቁለት ከሃምሳ ዓመት በላይ መኖሩ እንዲያው በዕድል የመጣ አይደለም።

ዛሬ በየከተማው የሚርመሰመሱት ኮሮላና ቪትዝም የፊት እግራቸው በዚሁ በማክፈርሰን መንገድ የተሠራ ነው። ስለዚህ በ404 ላይ የሚማሩት በእነርሱም ላይ ያገለግልዎታል። ሚኒባሱ ሃይስ ግን ከላይና ከታች ሁለት ብራቾ አለው፤ አይሱዙው የጭነት መኪናም በባሌስትራ ላይ ነው። የሚያልቀው ዕቃ ስሙ ቢለያይም የምርመራው ዘዴ ብዙ አይለወጥም።

እግሩን በሐሳብዎ ይሳሉት። ምሰሶው ከላይ በኮፈኑ ሥር ከመኪናው ገላ ጋር በጎማ መቀመጫ ተያይዟል፤ መሪ ሲዞር ምሰሶው አብሮ እንዲዞር እዚያው ላይ አንድ ኩሽኔታ አለ። ከታች ጎማውን የሚይዘው ብራቾ ነው። ብራቾው ከገላው ጋር የተያያዘው በጎሚኒ ነው፤ ከጎማው በኩል ደግሞ በቦል ጆይንት፥ ማለት በስኒ ውስጥ በምትሽከረከር የብረት ኳስ። መሪው ጎማውን የሚያዞረው ቴስቲኒ በምንላት ሌላ ኳስ ነው። የግራውንና የቀኙን እግር አንድ የታጠፈ የብረት ዘንግ ያገናኛቸዋል፤ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደል የሚከለክለው ይህ ስታቢላይዘር ነው። ጫፎቹ ከእግሩ ጋር የሚያያዙት በትንንሽ ሊንኮች ነው።

ድምፅ የሚመጣው ከእነዚህ መጋጠሚያዎች አንዱ ሲላላ ነው። ጎማው አልቆ ብረት ብረትን ሲመታ፥ ወይም ኳሷ በስኒዋ ውስጥ ስትዋኝ፥ ገጭ ይላል። ሾክ አብዞርበር ግን ሲደክም ብዙውን ጊዜ አይንኳኳም፤ መኪናውን እንደ ጀልባ ያንሳፍፈዋል እንጂ። ከጉብታ በኋላ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ቢዘልል፥ በሾኩም ላይ ዘይት ፈስሶ አቧራ ቢጣበቅበት፥ ያን ጊዜ ሾኩን ይጠርጥሩ። ከዚህ ውጭ «ሾኩ ሞቷል» የሚለውን ፍርድ ለመቀበል አይቸኩሉ።

እግሩን ከመክሰስዎ በፊት

በጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን የሰጠው አውቶሞቢል አይደለም፤ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። እዚያ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ የጎረቤቱ መኪና መርፌዋ ሲላላ ቀና ሳይል በጆሮው ያውቃል ቢባል አይደንቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰማው የሚውል ነውና። እርስዎም የራስዎን መኪና ከማንም የበለጠ ይሰሙታል።

አስቀድመው የኋላውን ዕቃ መጫኛ ይክፈቱና ክሪኩን፥ ትርፍ ጎማውንና የጎማ መፍቻውን ያውጡ። ከዚያ በዚያው መንገድ ይንዱ። ክሪክ በቦታው ሳይታሰር ቀርቶ ስንት ሰው እግር አስፈትቷል! ቀጥሎ የጎማውን ብሎኖች በመፍቻ ይሞክሩ። ይህን ነገር አቅልለው አይመልከቱት። ጎማ በቅርቡ ጎሚስታ ዘንድ ተፈትቶ ከነበረና ድምፁ ከዚያ ወዲህ ከመጣ፥ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ብሎኖቹ መላላታቸውን ይመርምሩ፤ የላላ ብሎን ያለው መኪና አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መሄድ የለበትም።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። በሸካራ መንገድ ቀስ ብለው እየነዱ ድምፁ ሲሰማ የፍሬኑን ፔዳል በጣም በትንሹ ይንኩት። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ በቦታው የሚንቀጫቀጨው የፍሬን ፓዱ ወይም ያዡ ነው፤ እግሩ ንጹሕ ነው። ድምፁ የሚመጣው ሞተር ሲነሣና ሲጠፋ፥ ወይም ማርሽ ሲገባ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎማ ይመልከቱ። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ መሪ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ሲነሡ «ቀጭቀጭቀጭ» ካለ ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ መጋጠሚያ አልቋል ማለት ነው።

መቼ ይጮኻል?

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ መቼ ይጮኻል? ጸጥ ያለ መንገድ ይምረጡ፤ መስኮቱን ይክፈቱ፤ ሬዲዮውን ይዝጉ፤ አንድ ጓደኛም ከጎንዎ ያስቀምጡ፤ የቀኙን ጎማ የሚሰማው እርሱ ነውና።

በትንንሽ ጠጠር ላይ፥ በዝግታ ሲሄዱ፥ ፈጣንና ቀጭን ድምፅ ከሆነ የስታቢላይዘሩን ሊንክ ይጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል የሚወጡበት ጉብታ ላይ ቀጥ ብለው በዝግታ ይለፉ፤ ከዚያ ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻ በጉብታው ላይ እንዲያልፍ አድርገው ይመለሱ። ሁለቱም እኩል ሲወጡ ዘንጉ አይጠመዘዝም፤ ድምፁም ይቀንሳል። አንዱ ብቻ ሲወጣ ግን ዘንጉ ይጠመዘዛልና ሊንኩ ይጮኻል። ይህን ጊዜ መኪናው ቆሞ ሳለ ሊንኩን በእጅዎ ይዘው ቢነቀንቁት ብዙውን ጊዜ መላላቱ ይታወቅዎታል። በሸዋ በር ዳር የሰማነው የሁለተኛው መኪና በሽታ ይህ ሊሆን ይችላል። ጆሮ የሚያሰለች ነው፤ ነገር ግን ደመወዝ እስኪወጣ ይታገሣል፤ ኩርባ ላይ ብቻ ፍጥነት ይቀንሱ።

ፍሬን ሲይዙ አንድ ጊዜ «ድም»፥ ሲነሡም አንድ ጊዜ «ድም» የሚለው ብዙ ጊዜ የብራቾው ጎሚኒ ነው። ጎማው ስለ ተቀደደ ብራቾው ፍሬን ሲያዝ ወደ ኋላ፥ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ፊት ይሄዳል። ጓደኛዎ መኪናውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ፍሬን ሲይዝ፥ እርስዎ ራቅ ብለው ከጎን ቆመው ጎማውን ይመልከቱ፤ በቦታው ሳይቆም ሲንሸራተት ያዩታል። ከመኪናው ፊት ግን ፈጽሞ አይቁሙ። ይህ በሽታ ለጥቂት ሳምንት ሊታገሥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጎማዎን በአንድ በኩል ይበላዋል። ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ ከጀመረ ግን ትዕግሥቱ አብቅቷል።

መኪናው ቆሞ መሪ ሲያዞሩ «ጥን» የሚለው ሞላው ነው። ከላይ ያለው ኩሽኔታ ስለ ዛገ ሞላው ከምሰሶው ጋር መዞሩን ትቶ ይጠመዘዝና በድንገት ይፈታል። ኮፈኑን ከፍተው የምሰሶው ጫፍ ላይ መዳፍዎን በቀስታ ያኑሩ፤ ጓደኛዎ መሪውን ሲያዞር ዝላዩ በእጅዎ ይታወቅዎታል። ጣትዎን በሞላው ጥምዝ መካከል አያስገቡ። ኩሽኔታው ብቻ ከሆነ ይታገሣል። ነገር ግን ይህን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ሞላው ራሱ አለመሰበሩን በባትሪ መብራት ከላይ እስከ ታች መመልከት ይገባል። የመኪናው አንድ ትከሻ ዝቅ ካለ፥ ወይም የሞላው ጫፍ ተሰብሮ ስል ሆኖ ካዩት፥ መኪናዋን ያቁሙ። የተሰበረ ሞላ ከቦታው ወርዶ ጎማ ሊሰነጥቅ ይችላል።

የቀረው የመጀመሪያው ነው፤ ጉድጓድ ላይ አንድ ጊዜ «ገጭ» ብሎ ዝም የሚለው። እውነቱን ለመናገር እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የምሰሶው የላይኛ መቀመጫ ያለቀበት ወይም ብሎኑ የላላ መኪና እንዲህ ይላል፤ ሊገደል የቀረበ ቦል ጆይንትም እንዲሁ ይላል። የፊተኛው ርካሽ ነው፤ የኋለኛው ሰው ይገድላል። በጆሮ ብቻ ሊለዩ አይችሉም፤ ስለዚህ መኪናውን ማንሣት ግድ ነው።

ጎማውን አንሥቶ መነቅነቅ

ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘው፥ በኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አድርገው፥ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ያንሡ። ክሪክ ይከዳል፤ ስለዚህ በገላው ሥር ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ሳይቆም ማንም እጁንም ራሱንም ከሥር አያግባ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጅ ይዘው ወደ ራስዎና ወደ መኪናው ይነቅንቁት። ጤነኛ እግር ምንም አይነቃነቅም። ከተነቃነቀ ጓደኛዎ የፍሬኑን ፔዳል እንዲረግጥ ያድርጉና እንደ ገና ይነቅንቁ። ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም የሚነቃነቅ ከሆነ ቦል ጆይንቱ ነው። አንድ ሰው ረዥም ፌሮ በብራቾውና በጎማው መያዣ መካከል አስገብቶ በቀስታ ሲያነሣው፥ ኳሷ በስኒዋ ውስጥ ስትወጣና ስትገባ በዐይንዎ ያዩታል።

ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቅንቁ። እዚህ ላይ የተላላው ቴስቲኒው ወይም መሪው ራሱ ነው። የቴስቲኒ ማለቅ በመሪው ላይ በእጅም ይታወቃል፤ መሪውን ጥቂት ቢያዞሩት ጎማው ወዲያው አይከተልም፤ በመንገድም መኪናዋ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች።

ቦል ጆይንትና ቴስቲኒ በላያቸው የጎማ ቆብ አላቸው። ቆቡ ተቀዶ ግራሶው ከፈሰሰ አቧራና ውኃ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ድምፅ ባይኖርም እንኳ መኪናው ታጥቦ በወጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ይህን ቆብ ማየት ደግ ልማድ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

እነዚህ ሁለቱ የማይታገሡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሊንክ ቢበጠስ መኪናው ይጮኻል፤ ጥቂትም ይጋደላል፤ ይኸው ነው። ቦል ጆይንት ከስኒው ቢወጣ ግን ጎማው ከሥሩ ይታጠፋል፤ የመኪናው አፍንጫ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል፤ መሪውም አይታዘዝም። ቴስቲኒ ቢወጣ አንደኛው ጎማ መሪውን ትቶ ወደ ፈቀደው ይሄዳል። ይህ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲሄዱ ከደረሰ የሚያሳፍር ነገር ነው። በደንገጎ ላይ ከደረሰስ?

የሐረርን መንገድ የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። ከሐረር ተነሥተው አወዳይንና ሐረማያን አልፈው ድሬዳዋ ለመድረስ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከሉ ያለውን ቁልቁለት መኪናው በደንገጎ ኩርባዎች እየተጠማዘዘ በፍሬን ላይ ሆኖ ይወርደዋል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ ኩርባው ደግሞ ክብደቱን ወደ ውጭኛው ጎማ ይገፋዋል። ስለዚህ በአንዲት ኩርባ ላይ የመኪናው፥ የሰዎቹና በጣራው የተጫነው ዕቃ ሁሉ ኀይል ከአንድ ጎማ ላይ፥ ከዚያችው ኳስ አጠገብ ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ ላይ «እስኪ ዛሬን ልመላለስና ነገ አሠራዋለሁ» የሚባልባት ኳስ አይደለችም።

ተሳፋሪ የሆኑት አንባቢያችንም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። የተቀመጡበት ሚኒባስ መሪው ሲወላገድ፥ በእያንዳንዱ ጉድጓድም ከሥርዎ ከባድ «ገጭ» የሚል ከሆነ፥ ከመነሻው ሳይወጣ በትሕትና ይጠይቁ፤ «ወንድሜ፥ ይህ የፊት እግር ታይቷል ወይ?» ቢሉ ነውር የለውም። ሾፌሩ የሚያውቀው ከሆነ ይነግርዎታል፤ ቢቆጣ ደግሞ ሌላ ሚኒባስ አለ።

ጋራዥ ሲገቡ

አሁን ወደ ጋራዡ ሲሄዱ የሚሉት አለዎት። «እግሩ ይጮኻል» አይሉም፤ «ጋሼ፥ በግራ በኩል፥ ፍሬን ስይዝና ስነሣ አንድ ጊዜ ድም ይላል፤ ብሎኑን አጥብቄያለሁ፤ ጎማውን አንሥቼ ስነቀንቀው አይነቃነቅም» ይላሉ። ይህን የሰማ መካኒክ በቀጥታ ወደ ብራቾው ይሄዳል። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አለማመን አይደለም፤ ያለቀ ጎሚኒ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይታለልም።

ስለ ጎሚኒ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብዎ፤ በአያሌ ቦታ ሲዘነጋ ይታያልና። የብራቾው ጎሚኒ ሲቀየር መኪናው ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሏል። ብሎኑ በዚያው ሁኔታ ጥብቅ ከተደረገ፥ መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይወጣል፤ ጎማው ግን ቀድሞ ስለ ተያዘ ይጠመዘዛል። ተጠምዝዞም ይኖራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ባለቤቱም «ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው» እያለ ነጋዴውን ያማል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኑን ለጊዜው ላላ አድርጎ ማስገባት፥ መኪናውን በጎማው ማቆም፥ ከዚያ የመጨረሻውን ማጥበቅ ነው። ይህን መካኒኩን በአክብሮት ይጠይቁት፤ ደኅና ባለሙያ ከሆነ በጥያቄዎ ደስ ይለዋል።

ዕቃ በማይገኝበት ጊዜ የአገራችን ባለሙያ ብልሃት አያጣም። ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ጎሚኒ ይሠራል፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ የብረት ማስገቢያ ያስቀርጻል። ለአሮጌ መኪና ይህ ዓይነቱ ሥራ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ በየግቢው የዶሮ ማደሪያ ሆነው በቀሩ ነበር። በእኔ አስተያየት ለስታቢላይዘር ጎሚኒ ይህ ብልሃት ምንም አይከፋም። ቦል ጆይንትንና ቴስቲኒን በብየዳ መሙላት ወይም በመዶሻ ስኒውን ማጥበብ ግን ብልሃት አይባልም፤ በጋለና በተቀጠቀጠ ብረት ላይ የሰው ነፍስ ማስቀመጥ ነው። ዕቃው እስኪገኝ መኪናዋ ትቁም።

ሾክና ሞላ የተቀየረ እንደ ሆነ ግራና ቀኙ በአንድነት ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሊንክና ቦል ጆይንት ግን ያለቀው ብቻ ቢቀየር ይበቃል፤ ሌላውም ሩቅ አለመሆኑን ማወቅ ነው እንጂ። ቴስቲኒ፥ ብራቾ ወይም ምሰሶ የተፈታበት መኪና አላይመንት ሳይሠራለት ረዥም መንገድ አይውጣ፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎማ በአጭር ጊዜ ተልጦ ያዩታል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ ቤት አይቸኩሉ። ድምፁን መጀመሪያ በሰሙበት መንገድ፥ በዚያው ፍጥነት፥ መስኮቱን ከፍተው ይለፉ። ከዚያም በተፈታው ብሎን ሁሉ ጫፍ ላይ፥ ብሎኑንና የተቀመጠበትን ብረት አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በነጭ ቀለም ያስምሩ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ጎንበስ ብለው ይመልከቱት፤ መስመሩ ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯልና ያን ዕለቱን ያስጠብቁት።